ምስክሬ ሁን

አስተርጓሚውን በምርኮኞቹ ጣቢያ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። "አፈ ጉባኤ" ነበር የሚሉት። ቅጽል ስሙን ያወጡለት ሽማግሌው ሃምሳ አለቃ ናቸው። ሦስት መቶ ሰው በጥጥ መጋዘን ሲሚንቶ ላይ እንደ ከረጢት ተደርድሮ ሲኖር እሱ ብቻ ወንበር ላይ ይቀመጣልና፣ "መቼስ ምክር ቤት ያለ አፈ ጉባኤ አይሆንም" ብለው አንድ ቀን ቀለዱ፤ ስሙም ተለጥፎበት ቀረ።

ወንበሩን ያገኘው በምላሱ ነው። ከጦርነቱ በፊት ድንበር አጠገብ ባለ የጉምሩክ መጋዘን ዕቃ ተረካቢ ነበረ። ዘጠኝ ዓመት ከማዶ ከሚመጡ ሾፌሮች ጋር ሲከራከር፣ ሲቀልድና ሲሰዳደብ ቋንቋቸውን ከነጣዕሙ ለመደው። በተማረኩ ዕለት ሁሉም እጁን ወደ ላይ አንስቶ ቆሞ ሳለ አንድ ወታደር አንድ ነገር እየደጋገመ ጮኸባቸው። ማንም አልገባውም። ወታደሩ ጠመንጃውን ሲያቀባብል እሱ ከመሃል "ጫማ አውልቁ ነው የሚለው! ጫማችሁን አውልቁ!" ብሎ ጮኸ። ያቺ ጩኸት የስንቱን ነፍስ እንዳተረፈች እግዜር ይወቅ። እሱን ግን የሻለቃው አስተርጓሚ አደረገችው።

ሥራውን ወደደው ማለት ባይቻልም ጠላው ማለትም አይቻልም። ሁለተኛ ብርድ ልብስ ተሰጠው። ሻለቃው ከቁርሱ የተረፈውን ግማሽ ዳቦ ይገፋለታል። ሌላው በጠራራ ፀሐይ ጡብ ሲጠፈጥፍ እሱ ጥላ ውስጥ ወረቀት ያገላብጣል። እንዲያም ሆኖ ሰዉ አልጠመደውም፤ ነገር ማሳመር ያውቅበታላ! አንዱ "ትንሽ ራሴን አመመኝ" ካለ እሱ ለሻለቃው "ይህ ሰው ከነገ ወዲያ ይሞትብዎታል" ብሎ ያቀርበዋል። ሻለቃው "ምን ዓይነት ደደቦች ናቸው!" ብሎ ከጮኸ ደግሞ እሱ ወደ ሰልፉ ዞሮ "ትንሽ ታገሡ እያለ ነው" ይላል። ሃምሳ አለቃው "የእኛ ሰው ከንብ ቀፎ እጁን ሳይነደፍ ማር ይቆርጣል" ሲሉ ሁሉም ይስቃል። ቃል መለወጥን እንዲህ በደግነት ነው የጀመረው።

ከጎኑ የሚተኛው አናጢው ነበር። ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ሎጋ፣ ለእናቱ አንድ ልጅ። ለጣቢያው የመስኮት ፍሬምና ወንበር የሚሠራበት ቆርቆሮ ቤት ሰጥተውት ቀኑን ሙሉ እያፏጨ ጣውላ ሲልግ ይውላል። የጠላትን ቋንቋ አንዲት ቃል አያውቅም፤ ልማር ብሎም አያውቅም። "አንተ እያለህልኝ ምን አስለፋኝ?" ይላል። ከዚያች ከግማሽ ዳቦዋ ግማሹ ለእሱ ነበረች። ስለ እናቱ አውርቶ አይጠግብም፦ "ቁጡ ናት፤ ግን ቁጣዋ ከደጅ አያልፍም። ስንመለስ መጀመሪያ እኛ ቤት ነው የምትመጣው፤ ከዚያ ወደ ሚስትህ ትሄዳለህ።" አስተርጓሚው ይስቃል፤ እሺም ይላል።

በሁለተኛው ዓመት መግቢያ ላይ ቢሮ ውስጥ አንድ ወሬ ጆሮው ጥልቅ አለ። ምርኮኞቹ በሙሉ ወደ ጨው ማውጫው ሊዛወሩ ነው የሚል። ጨው ማውጫው ምን እንደሆነ ከሾፌሮቹ ሰምቶ ያውቃል፤ የገባ አይወጣም ይባላል። ከዚያን ቀን ወዲያ እህል አልወርድ አለው። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ከመጋዘኑ ጓሮ በኩል ያለውን የመስኮት ብረት ዓይኑ ይከተለው ጀመር።

ያን ሰሞን ሻለቃው ቁም ሳጥን አማረው። ዘበኛው ልኩን ይዞ ወደ አናጢው ሲሄድ አስተርጓሚውም ተከተለ። አናጢውና ዘበኛው ጣውላው ላይ ጎንበስ ብለው ስንዝር ሲለኩ፣ እሱ ቁመትና ስፋቱን በአፉ እየተረጎመ በእጁ ከግድግዳው ምስማር ላይ ቀጭኗን የብረት መጋዝ ምላጭ አውርዶ እጅጌው ውስጥ ሰደዳት። ለማንም አልተናገረም፤ ለአናጢው እንኳ። "ሁለት ሰው ያወቀው ምስጢር አይባልም" ብሎ ራሱን አሳመነ። እውነቱ ግን ሌላ ነበር፤ በጠባብ መስኮት አንድ ሰው ከሁለት ሰው ይፈጥናል።

በማግስቱ አናጢው ባዶዋን ምስማር አየ። ቋንቋ የለውም፤ ዘበኛውን በክንዱ ስቦ ምስማሯን አሳየው፣ በሁለት ጣቱ መጋዝ ሲቆርጥ አሳየው፣ ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ "የለም" አለው። ዘበኛው ግን ዕቃ የሚቆጥረው እሱ ነውና "ተጠያቂው እኔ ልሆን ነው" ብሎ ደነገጠ። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ዝም አሰኘው። አናጢው ይህንን ሁሉ ለጓደኛው አጫወተው። ጓደኛው "ተወው፣ የትም አይሄድ፣ ይገኛል" አለው።

አሥራ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ሰዉ ከሰዓት በኋላ ጡብ ላይ ሲሆን፣ አስተርጓሚው "ሆዴን አመመኝ" እያለ ከቢሮ እየወጣ ብረቱን ሲገዘግዝ ሰነበተ። ምላጯን የሚደብቃት ከመኝታው በላይ፣ በግድግዳውና በወራጁ መካከል ባለች ስንጥቅ ነበር። ያቺ ስንጥቅ ከእሱ መኝታ በላይ ናት፤ ከአናጢውም መኝታ በላይ ናት። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ድንገተኛ ፍተሻ ሆነ፤ ግማሹ የተበላ ብረትና ምላጯ በአንድ ጠዋት ተገኙ። ምላጯ የአናጢው ክፍል ምልክት አለባት። ነገሩ አለቀ።

ሻለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረቀት ወዳድ ነበር። መነጽሩን ጠርጎ፣ ቅጹን አስተካክሎ፣ አናጢውን ፊቱ አቆመና "ማን ወሰደው? ለምን? ከማን ጋር?" ብሎ ጠየቀ። አስተርጓሚው ከጠረጴዛው ጎን ቆሞ ጥያቄውን አንድ በአንድ ተረጎመ። እስከዚህ ድረስ ምንም አላጎደለም።

አናጢው አልፈራም። እውነት የያዘ ሰው እንደሚናገር ረጋ ብሎ ነው የተናገረው።

"ምላጩ ከጠፋ አሥራ ሦስት ቀኑ ነው በልልኝ። በጠፋ በማግስቱ ለዘበኛው አሳይቼዋለሁ፤ ደጅ ቆሟል፣ ይጠየቅ። እኔ ብሰርቀው እኔው አሳየዋለሁ? ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ወደ ክፍሌ የገባው ዘበኛውና…" አለና ወደ አስተርጓሚው ዞሮ ፈገግ አለ፤ "አንተም ነበርክ እኮ፣ ለቁም ሳጥኑ ልክ መጥተህ። ምላጩ በቦታው እንደነበር አይተሃል። ምስክሬ ሁን። ንገርልኝ።"

ልጁ አልጠረጠረውም። ችግሩም ይኸው ነበር። ቢጠረጥረው ኖሮ አስተርጓሚው ምናልባት ይቆጣ፣ ይሟገት፣ ወይ እጅ ይሰጥ ነበር። እምነቱ ግን መድረሻ አሳጣው። ይህ ቃል እንዳለ ቢተረጎም ዘበኛው ይጠራል፤ ዘበኛው ቢጠራ ራሱን ለማዳን ሲል በዚያ ቀን ማን እንደገባ ይናገራል፤ ከሰዓት በኋላ ሆዱን እያመመው ከቢሮ የሚወጣውም ማን እንደሆነ ሻለቃው ራሱ ያውቃል። ሻለቃው ብዕሩን አንስቶ "ምን አለ?" አለው።

"ወስጃለሁ፤ ብቻዬን ነኝ፤ ማሩኝ" አለ አስተርጓሚው።

ይኸው ነው። አናጢው ጓደኛው ተናግሮ እንደጨረሰ ሲያይ "አዎ፣ እንደሱ ነው" ለማለት ለሻለቃው ራሱን ነቀነቀ። ሻለቃውም ነቅንቆ ጻፈ፤ ወረቀቱንም ወደ አናጢው ገፋው። አናጢው ብዕሩን ከያዘ በኋላ ቀና ብሎ "የነገርኩትን ነው አይደል የጻፈው?" ሲል ጠየቀ።

"አዎ" አለ አስተርጓሚው።

ፈረመ። ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ "እግዜር ይስጥልኝ" አለው። ምሳ ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ወሰደው። መኪናው ወደ ጨው ማውጫው እንደሚሄድ የሚያውቀው አስተርጓሚው ብቻ ነበር። ሻለቃው ያን ዕለት ግማሽ ሳይሆን ሙሉ ዳቦ ሰጠው፤ እሱም በላ።

ወሬው ውሸት ሆኖ ቀረ። ከዚያ ጣቢያ ወደ ጨው ማውጫው የተዛወረ አንድ ምርኮኛ እንኳ አልነበረም፤ ከአናጢው በቀር። አሥራ አንድ ወር ቆይቶ ሁለቱ ወገኖች ምርኮኛ ሲለዋወጡ ጣቢያው በሙሉ ተፈታ። ሃምሳ አለቃው በመኪናው ላይ "ያ ልጅ ምነው እንዲያ ሆነብን? ማመኑን ሰማሁ፤ ከእሱ አልጠበቅሁም ነበር" ሲሉ አስተርጓሚው በመስኮቱ ወደ ውጭ ያይ ነበር።

ከሚስቱ ጋር ሦስት ቀን ከዋለ በኋላ የአናጢውን እናት ፍለጋ ወጣ። ሊነግራቸው ነበር የሄደው። በአውቶቡሱ ውስጥ ቃሉን አዘጋጅቷል፤ "እማማ፣ ልጅዎን ያሳሰርኩት እኔ ነኝ" ብሎ ሊጀምር ቆርጧል። በሩን የከፈቱት አጭር፣ ዓይናቸው የደከመ፣ መቀነታቸውን ጠበቅ ያደረጉ ሴትዮ ነበሩ።

"ከልጅዎ ጋር ነበርኩ" አላቸው።

"አይተኸዋል?"

"አዎ።"

"በዓይንህ?"

"በዓይኔ እማማ።"

ሁለቱንም እጆቹን አፈፍ አድርገው ይስሙት ጀመር፤ መዳፉን፣ ጀርባውን፣ ጣቶቹን። ከዚያ በኋላ ያዘጋጀው ቃል የት እንደገባ አላወቀም። "ደህና ነው፤ እያፏጨ ይሠራል" አላቸው። እሳቸውም ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር ደጋግመው አስነገሩት፤ እየሳቁ፣ እያለቀሱ።

አራት ዓመት እንዲህ አለፈ። እሁድ እሁድ ይመጣል። የሚያፈሰውን ጣሪያ ደፈነ፣ የተሰበረ የበር ማጠፊያ ለወጠ፣ ዓይናቸውን ሊያሳክም ክንዳቸውን ይዞ ሆስፒታል አመላለሳቸው። እሳቸውም "ልጄ" ይሉታል፤ ጎረቤቱም የልጃቸው ምትክ ነው ይላል። ሚስቱ "ለወለደችህ እናትህ እንኳ እንዲህ አልሆንክ" እያለች ግማሽ በቀልድ ግማሽ በምሬት ትነካካው ነበር። ግድግዳው ላይ የአናጢው ፎቶግራፍ አለ። እሱ ሁልጊዜ ጀርባውን ለፎቶው ሰጥቶ ይቀመጣል። አንድ ቀን "ምነው ልጄ፣ ወደዚህ ዞር አትልም?" ቢሉት "የመስኮቱ ብርሃን ዓይኔን ይወጋኛል እማማ" አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሱ ሲመጣ መጋረጃውን ይዘጉለታል። በዚህ ዓለም ላይ እንደዚያች መጋረጃ የከበደው ነገር አልነበረም።

ሥራውን በተመለከተ፣ ወደ ድንበሩ አልተመለሰም። ከተማ ውስጥ በአንድ የጅምላ ዕቃ መጋዘን ተቀጠረ። የማዶ ሾፌሮች እንደገና መምጣት ሲጀምሩ "ቋንቋቸውን አውቅ ነበር፣ ረሳሁት" አለ። ሰው ቋንቋ እንደ ጃንጥላ ይረሳል ወይ? ብለው ሳቁበት።

በአምስተኛው ዓመት አንድ ጠዋት ከየጣቢያው ተወስደው የነበሩ፣ ከጨው ማውጫው የተፈቱ ዘጠኝ ሰዎች እንደሚገቡ ተነገረ፤ አናጢው ከመካከላቸው ነበር። እናቱን ክንዳቸውን ይዞ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያው የወሰዳቸው ያው አስተርጓሚው ነው። አለመሄድ እንዴት ይቻላል? ቀትር ላይ አውቶቡሱ ቆመ። ከወረዱት ውስጥ አንዱ ጎበጥ ያለ፣ ፀጉሩ ጨው የመሰለ፣ ከግራ እጁ ሁለት ጣት የጎደለው ሰው ነበር። እናቱ በዓይናቸው አላወቁትም። "እማዬ" ሲል ግን በድምፁ አወቁት።

ብዙ ቆይተው ተላቀቁ። አናጢው ቀና ብሎ አስተርጓሚውን አየው፤ አየውና "ከርመሃል? ሰላም ነው?" አለው።

ያለው በማዶ ቋንቋ ነው፤ ያውም አጥርቶ፣ እንደ ተወላጅ። እናትየው አስተርጓሚውን "ምን አለህ ልጄ?" ብለው ጠየቁት። "ሰላም አለኝ" አላቸው። ይህ እንኳ እውነት ነበር።

በሚቀጥለው እሁድ አልሄደም፤ በሚቀጥለውም። ስልክ ሲደወል ሥራ ነው አለ፣ ጉንፋን ነው አለ። በሦስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ረፋድ ላይ አናጢው ራሱ ወደ መጋዘኑ መጣ። በጆንያ ክምር መካከል አንድ ሣጥን ስቦ ተቀመጠ። ሌሎቹ ሠራተኞች ለሻይ ወጥተው ነበር።

"መጀመሪያ ዓመት ላይ" አለ አናጢው፣ ወሬ እንደሚያወራ ሰው፣ "የሚጠይቀኝን ሁሉ 'ጓደኛዬ ነግሮልኝ ነበር፣ ሻለቃው አልሰማ ብሎ ነው' እል ነበር። አንድ ነገር ግን ጆሮዬ ላይ ቀርቶ ነበር። እኔ ያን ሁሉ ስናገር አንተ ሦስት አራት ቃል ብቻ አልክ። 'ቋንቋቸው ቁጥብ ነው መሰለኝ' ብዬ ተውኩት።"

አስተርጓሚው የዕቃ ደብተሩን እንደያዘ ቆሞ ያዳምጣል።

"ጨው ማውጫው ውስጥ ከእነሱም ወገን እስረኞች ነበሩ። አንዱ ዳቦ ሰርቆ ሲያዝ ፊት ለፊቴ ተንበርክኮ ሲለምን ሰማሁት። ቃሉ ያው ነው። ያንተ ቃል ነው። ያኔ ገና ቋንቋውን እየለቃቀምኩ ነበር፤ አጠገቤ ያለውን 'ምን እያለ ነው?' አልኩት። 'ወስጃለሁ፣ ማሩኝ ነው የሚለው' አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምክንያት ስፈልግልህ ኖርኩ። 'ያመነ ይማራል ብለውት ይሆናል፤ ሊያድነኝ ብሎ ይሆናል፤ ወይም ደንግጦ ቃል ጠፍቶበት ይሆናል' እላለሁ። ለእናቴ ያደረግከውን ስሰማ ደግሞ በቃ፣ ደንግጦ ነው አልኩ። ሰው ነው፣ ይደነግጣል። ይህንኑ ከአፍህ ልስማ ብዬ ነው የመጣሁት።"

በሩ ተከፍቶለት ነበር። "አዎ፣ ደንግጬ ነው" ማለት ብቻ ይበቃው ነበር። ግማሽ እውነት ነው፤ በዚያች ግማሽ ላይ ዕድሜ ልክ ተደግፎ መኖር ይቻላል። አስተርጓሚው ደብተሩን ጆንያው ላይ አስቀመጠ።

"ምላጩን የወሰድኩት እኔ ነኝ" አለ።

አናጢው አልገባውም። "የቱን?"

"ምላጩን። የቁም ሳጥኑን ልክ ስትለኩ ከምስማሩ ላይ አወረድኩት። ብረቱንም ስቆርጥ የነበርኩት እኔ ነኝ። ብቻዬን ልሄድ ነበር፤ ላንተም ልነግርህ አላሰብኩም። ዘበኛው ከተጠየቀ እኔ እንደምያዝ ስላወቅሁ ነው እንዲያ ያልኩት። ደንግጬ አይደለም። አስቤ ነው።"

አናጢው ለረጅም ጊዜ የራሱን ግራ እጅ ሲያይ ቆየ። እንደሚመታው አስተርጓሚው ጠብቆ ነበር፤ ተመኝቶም ነበር። አልመታውም። ተነስቶ ሣጥኑን ወደ ነበረበት መለሰና "ለእናቴ አንተው ንገራት። እኔ ከአፌ አላወጣውም" ብሎ ሄደ።

አስተርጓሚው በማግስቱ ጠዋት ሄደ። እናትየው ግቢ ውስጥ የልጃቸውን ሸሚዞች ገመድ ላይ እየሰቀሉ ነበር። ድምፁን ሲሰሙ "የት ጠፋህ ልጄ? ልጄ ሲመጣ አንተ እናትህን ረሳህ እላለሁ እኮ!" ብለው ሳቁ። እሱ ቆሞ ነገራቸው። ያኔ በአውቶቡስ ውስጥ አዘጋጅቶት የነበረውን ቃል ፈልጎ አላገኘውም፤ የተንተባተበውን ያህል ተንተባተበ፤ ግን ምላጩንም፣ ቃሉንም፣ ፊርማውንም፣ አንድም አላስቀረም።

እርጥቡን ሸሚዝ እንደያዙ ቆመው ሰሙት። ውሃው ጫማቸው ላይ ይንጠባጠባል።

"መቼ ነው የወሰዱት?" አሉ በመጨረሻ።

"ምሳ ሰዓት ላይ።"

"ምሳ በልቶ ነበር?"

"አልበላም።"

"አንተስ?"

"በልቻለሁ።"

ሸሚዙን ሰቅለው በሁለት የልብስ መቆንጠጫ አጠበቁት፤ ከዚያ ሌላ አነሱ። "እኔ እኮ መጋረጃ እዘጋልህ ነበር" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። ቀጥሎም ሳይቆጡ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ፣ "ሂድ እንግዲህ" አሉት። "ልጄ" አላሉም። ቁጣቸው ከደጅ አያልፍም የተባለላቸው ሴትዮ እስከ ደጅ እንኳ አላደረሱትም።

ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት። ሚስቱ ሰምታ ስታበቃ "እኔስ አምስት ዓመት ከማን ጋር ነው የኖርኩት?" አለችና አንድ ሳምንት አላነጋገረችውም። በኋላ አነጋገረችው፤ ስለ ዳቦና ስለ ውሃ ብቻ።

ሦስት ወር አለፈ። አንድ ቀን ሃምሳ አለቃው ከዘራቸውን እያንኳኩ መጋዘኑ ድረስ መጡ። አሁን የተመላሾች ኮሚቴ ሰብሳቢ ናቸው። እንደ ድሮው አፈ ጉባኤ አላሉትም።

"ልጁ ነግሮኛል" አሉ። "ስለዚያ የምለው የለኝም። ብጀምር አላቆምም። የመጣሁት ለሌላ ነው። ጨው ማውጫው ውስጥ ገና ሰባት ሰው አለን። ማዶዎቹ እንነጋገር ብለዋል። የሚያስተረጉም ያስፈልገናል።"

"እኔን? ሃምሳ አለቃ፣ እኔን እንዴት ያምኑኛል?"

"እኔማ አላምንህም። አንተን ያለው ልጁ ነው። 'እኔ የማውቀው የጨው ማውጫውን ቋንቋ ነው፤ ስድብና ቁጥር። የቢሮውን ቋንቋ እሱ ነው የሚያውቀው' አለኝ። 'እሱ ይናገር፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ እሰማለሁ' ነው ያለው።"

ወንበሮቹ ሦስት ነበሩ፤ በድንበሩ ላይ በድሮ የፍተሻ ጣቢያ፣ በረጅም ጠረጴዛ አንድ ወገን። ሃምሳ አለቃው በቀኝ፣ አስተርጓሚው ከመሃል፣ አናጢው በግራ። ከፊት ለፊት አንድ ወጣት መኮንን ፋይሎቹን ደርድሮ ተቀምጧል። አስተርጓሚው በመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ላይ ድምፁ ተሰባበረ። አምስት ዓመት ያልነካው ቋንቋ ነው። ግን እንዳለ መጣለት።

መኮንኑ "እነዚህ ሰዎች ጥፋታቸውን አምነው የፈረሙ ናቸው" ሲል አስተርጓሚው ወደ አናጢው አላየም፤ እንዳለ ተረጎመው። ሃምሳ አለቃው ደማቸው ፈላ። "በማያውቁት ቋንቋ አስፈርማችሁ አመኑ ትላላችሁ? ዓይናችሁን በጨው ታጥባችኋል በለው!" አሉ።

የድሮው አስተርጓሚ ቢሆን ይህን ያለሰልሰዋል። "ሰብሳቢው ትንሽ ቅር ብሏቸዋል" ይል ነበር። ለአንድ አፍታ ከንፈሩ ወደዚያው አዘነበለ። ጎኑ የተቀመጠው ሰው ትንፋሹን ያዝ አድርጎ ሲጠብቅ ሰማው። ስድቡን ከነጨው ተረጎመው። መኮንኑ ቀላ፤ ፋይሉን ገልጦ ዘጋው። "እርስዎ ራስዎ ይህን እንዴት ያውቃሉ? ሳያነቡ እንደፈረሙ ማን አየ?" አለ።

አስተርጓሚው ጥያቄውን ለሃምሳ አለቃው ተረጎመ። ከዚያ "ይፍቀዱልኝ" ብሎ ከራሱ ተናገረ፤ በማዶ ቋንቋ። "እኔ አይቻለሁ። እዚህ የተቀመጠው ሰው ያላለውን አለ ብዬ ያስፈረምኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱም የእኔ ነበር። ስሜን መዝግቡት።" ያለውን በሙሉ ደግሞ ለሃምሳ አለቃው በእኛ ቋንቋ ተናገረ። መኮንኑ ወደ አናጢው ዞሮ "እውነት ነው?" አለው።

"እውነት ነው" አለ አናጢው፣ በራሱ አፍ።

ክርክሩ ሁለት ቀን ፈጀ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት መኮንኑ አንድ ወረቀት አውጥቶ ሦስት ስም አነበበ፤ ሳምንት ሳይሞላ ይለቀቃሉ። ከዚያ ሌላ ወረቀት አወጣና አራት ስም አነበበ። ቀጥሎ አንዲት አጭር ቃል ተናገረ። ሃምሳ አለቃው "ምን አለ? አራቱስ?" ይላሉ። አናጢው ቃሉን ሰምቷል፤ ከሰማበት ጊዜ ጀምሮ ጠረጴዛውን ነው የሚያየው።

"ንገራቸው" አለ አናጢው በቀስታ። "ያለውን ንገራቸው።"

"ሞተዋል" አለ አስተርጓሚው።

በመልስ ጉዞ ላይ ሃምሳ አለቃው ኮታቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ወይም የወሰዳቸው መሰሉ። አናጢው ከፊት፣ አስተርጓሚው ከኋላ ተቀምጠው ከተማ ገቡ። ሲወርዱ አስተርጓሚው ወደ ቤቱ መንገድ ጀመረ።

"ወዴት ነው?" አለው አናጢው።

"ቤት።"

"አራት በር አለ ገና። ለሦስቱ ቤተሰብ ማንም ይናገራል፤ የደስታ ወሬ ነው። አራቱን ግን እኔ ብቻዬን አልችልም። ሰዎቹን አውቃቸዋለሁ፣ አብረን ጨው ፈልጠናል። ወላጆቻቸው አይተውኝ 'ልጄስ?' ሲሉ አፌ ይታሰራል። አንተ ትናገራለህ።"

"እሺ።"

"ማሳመር የለም። 'አልተሰቃየም' እንዳትል። 'ደህና ነበር' እንዳትል።"

"አልልም።"

"ይቅር ብዬሃለሁ ማለቴም አይደለም።"

"አውቃለሁ" አለ አስተርጓሚው።

የመጀመሪያው ቤት ከመናኸሪያው ጀርባ ነበር፤ የልብስ ሰፊ ቤት። የአሥር ሰዓት ፀሐይ በሩ ላይ አርፏል፤ ውስጥ የስፌት መኪና ይሰማል። አስተርጓሚው አንኳኳ። መኪናው ቆመና አንገታቸው ላይ ሜትር ያንጠለጠሉ ሽማግሌ በሩን ከፍተው ሁለቱን ተራ በተራ አዩ። አናጢው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ቆሟል።

"አባቴ፣ ስለ ልጅዎ ነው የመጣነው" አለ አስተርጓሚው። "እንግባና ቁጭ ብለን ልንገርዎ።"